ለተርሚናል የትኛው ፒንኤንትሪ ይሻላል? የፒን መጠየቂያ ሲያስቸግር የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

በጂፒጂ (ፋይልና ኢሜይል በሚያመሰጥረውና በሚፈርመው ፕሮግራም) የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረረው በፒን መጠየቂያው ነው። ቁልፉ አለ። ፒኑንም፣ ማለትም የቁልፉን የይለፍ ሐረግ፣ ያውቀዋል። የሚያስገባበት ሳጥን ግን አይመጣም። ወይም ባልጠበቀው ተርሚናል ላይ ብቅ ይላል። ወይም ደግሞ ስክሪኑን አተረማምሶት ይሄዳል። ያኔ ሰው ያገኘውን የመጀመሪያ መፍትሔ ገልብጦ ይለጥፋል። ለጊዜው ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ በሌላ በኩል ችግር ይዞ ይመጣል።

ፒን መጠየቂያ የሚመረጠው እናንተ የተቀመጣችሁበትን ቦታ አይቶ ነው። ከፊታችሁ ያለው ኪቦርድና ስክሪን የየትኛው ማሽን ነው? ፒኑን የሚፈልገው ፕሮግራምስ ከየት ነው የተነሣው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከመለሳችሁ ምርጫው አያስቸግርም።

ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ በፊደላችን፣ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ማን ማንን ይጠራል?

ጂፒጂ ራሱ ፒን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ስሪት 2.1 ወዲህ የግል ቁልፍን የሚነካ ሥራ ሁሉ በጂፒጂ-ኤጀንት በኩል ያልፋል። ኤጀንቱ ከበስተጀርባ ዝም ብሎ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። ፒን ሲያስፈልገው ፒንኤንትሪ የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል። ፒንኤንትሪ ጠይቆ፣ መልሱን ለኤጀንቱ ሰጥቶ ይዘጋል። እንዲህ የተለያዩት በምክንያት ነው። ፒንኤንትሪ የጻፋችሁት ነገር ወደ ዲስክ እንዳይወርድና ሌላ ቦታ እንዳይቀር እየተጠነቀቀ ነው የሚሠራው። ያን ያህል ጥንቃቄ ከኢሜይል ፕሮግራም ወይም የኮድ ለውጥ ከሚመዘግበው ከጊት አይጠበቅም።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ኤጀንቱ ከበስተጀርባ ስለሚሮጥ የራሱ ተርሚናል የለውም። እናንተ የትኛው ተርሚናል ላይ እንዳላችሁ ካልተነገረው ሳጥኑን የት እንደሚያሳይ አያውቅም። ያን የሚነግረው ጂፒጂ_ቲቲዋይ የሚባለው ቫሪያብል ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

ብዙ ሰው ፒንኤንትሪ የሚቀያይረው ጤነኛውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቫሪያብሉን አስተካክሉ። ቤታችሁ ማውጫ ውስጥ ባለው የባሽ አርሲ ፋይል ላይ ይህን መስመር ጨምሩ፦ «ኤክስፖርት ጂፒጂ_ቲቲዋይ=$(ቲቲዋይ)»። የቫሪያብሉ ስም በትልልቅ ፊደል፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው ትእዛዝ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ዜድሼል የምትጠቀሙ ከሆነ በቅንፉ ፈንታ የሼሉን የራሱን ቫሪያብል፣ በትልልቅ ፊደል «$ቲቲዋይ»ን፣ አድርጉ። አንዳንድ ፈጣን የፕሮምፕት ማስዋቢያዎች ሼሉ ሲከፈት ግብአቱን ስለሚያዞሩት ትእዛዙ «ተርሚናል አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ ያ ጽሑፍም እንዳለ ቫሪያብሉ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ «ጂፒጂኮንፍ --ኪል ጂፒጂ-ኤጀንት» በሉ። ኤጀንቱ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈለግ ራሱ ይነሣል። «ኢንአፕሮፕሪየት አዮክትል ፎር ዲቫይስ» የሚለው መልእክት ስንቱን ሰው እንዳስጨነቀ! የሚለው ነገር ግን ቀላል ነው፦ የተሰጠኝ ነገር ተርሚናል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በዚያች አንዲት መስመር ይድናል።

አሁንም እምቢ ካለ ፒንኤንትሪውን በቀጥታ ጠይቁት። ተርሚናል ላይ «ፒንኤንትሪ-ከርሰስ» ብላችሁ አስነሡት። «ኦኬ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣችኋል። ከዚያ በትልልቅ ፊደል «ጌትፒን» ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ሳጥኑ ይመጣል። አንድ የማይረባ ቃል አስገቡ። ሳጥኑ ሲዘጋ ያስገባችሁት ቃል «ዲ» ከሚል ፊደል ቀጥሎ እንዳለ ይታያል፤ ለዚህ ነው እውነተኛውን ፒን እዚህ አትጻፉ የምለው። ለመውጣት «ባይ» በቂ ነው። ሳጥኑ በዚህ መንገድ ከመጣ ፒንኤንትሪው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ኤጀንቱ እሱን በሚጠራበት መንገድ ላይ ነው። ካልመጣ ደግሞ ወይ አልተጫነም ወይ ተርሚናላችሁ አልተመቸውም። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ከርሰስ፦ ለሰርቨር የመጀመሪያ ምርጫዬ

ፒንኤንትሪ-ከርሰስ ተርሚናሉ ውስጥ ሳጥን ይስላል። ግራፊክስ አይፈልግም። በኤስኤስኤች (ወደ ሩቅ ማሽን በተርሚናል በሚያስገባው ፕሮግራም) ገብታችሁ የምትሠሩበት ሰርቨር ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የምታገኙት እሱን ነው።

ድክመቶቹን ግን እወቁ። አንደኛ፣ ቦታ ይፈልጋል። ተርሚናሉን የሚከፋፍለውን ቲመክስን አራት ቦታ ከፍላችሁ በትንሿ ክፍል ውስጥ ከፈረማችሁ ስክሪኑ ጠበበኝ ብሎ ይተዋል። ክፍሉን ለጊዜው አስፉት። ሁለተኛ፣ ከግራፊካል ኤዲተር ውስጥ ኮሚት የምታደርጉ ከሆነ አይሠራም። የኤዲተሩ ቁልፍ ሲጫን ከጀርባው ተርሚናል የለም፤ ከርሰስ የሚስልበት ቦታ አያገኝም። ሦስተኛ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ጉዳይ አለ። ለከርሰስ የሚጻፈው በተራ ተርሚናል በኩል ስለሆነ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ የይለፍ ሐረጋችሁ በፊደል ይገባል። የሚታየው ኮከብ ብቻ ነውና ስህተቱ አይታወቃችሁም። «የተሳሳተ የይለፍ ሐረግ» ሲላችሁ መጀመሪያ የኪቦርዱን ምልክት እዩ።

ከሁሉም የሚከፋው አራተኛው ነው፤ ረጋ ብዬ ላስረዳው። ጂፒጂ-ኤጀንትን ለኤስኤስኤች ቁልፍም የምትጠቀሙበት ከሆነ የጂፒጂ_ቲቲዋይ መስመር ብቻውን አይበቃም። ጂፒጂ ኤጀንቱን ሲጠራ «እኔ ያለሁት በዚህ ተርሚናል ነው» ይለዋል። ኤስኤስኤች ግን ይህን መናገር አይችልም፤ ከኤጀንት ጋር የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል ለዚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ኤጀንቱ መጀመሪያ በተነሣበት ተርሚናል ላይ ሳጥኑን ይስላል። እናንተ በሦስተኛው ትር ላይ ኤስኤስኤች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ሳጥኑ በአንደኛው ትር ላይ፣ ምናልባትም በተከፈተ የቪም ኤዲተር ላይ ተደርቦ፣ እናንተን ይጠብቃል። እዚያ ሄዳችሁ ስትጽፉ ደግሞ ግማሹን ፊደል ቪም፣ ግማሹን ፒንኤንትሪ ይወስደዋል። ሁለቱም አንዱን ኪቦርድ እየተሻሙ ያነባሉና።

መድኃኒቱ «ጂፒጂ-ኮኔክት-ኤጀንት አፕዴትስታርትአፕቲቲዋይ /ባይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ኤጀንቱን «ከአሁን በኋላ እዚህ ጠይቀኝ» ይለዋል። ብዙዎች ባሽ አርሲ ውስጥ ያስገቡታል። ያ ማለት ግን መጨረሻ የተከፈተው ተርሚናል ሁልጊዜ ባለቤት ይሆናል። ብዙ ትር ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኤስኤስኤች ከማለታችሁ በፊት በእጅ ማዘዙ ይሻላል፤ አጭር ስም አውጡለትና አልያስ አድርጉት።

ቲቲዋይ፦ ሁለተኛው አማራጭ

ፒንኤንትሪ-ቲቲዋይ ሳጥን የለውም። አንድ መስመር ጽፎ ይጠይቃል፣ ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። ስክሪኑን ስለማያጸዳ ከላይ የነበረው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል። ከርሰስ መስመሮቹን ካበላሸባችሁ፣ ወይም በሲሪያል ኮንሶልና ቀለም በማያውቅ ተርሚናል ላይ ከሆናችሁ፣ ወደዚህ ተሻገሩ። ጂፒጂ_ቲቲዋይ ለእሱም ያስፈልገዋል። የኤስኤስኤቹ ችግርም ያው ነው።

ግራፊካሎቹ፦ ላፕቶፑ ከፊታችሁ ከሆነ

በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ፣ ከዴስክቶፕ ውስጥ ከፍታችሁ በምትሠሩት ተርሚናል፣ ግራፊካል ፒንኤንትሪ ይሻላል። የትኛው ተርሚናል የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀራል። ከኤዲተርም፣ ከኢሜይልም፣ ከተርሚናልም ብትጠሩት ያው መስኮት ይመጣል። ኪቦርድ መሻማትም የለም።

ከመካከላቸው መምረጡ በዴስክቶፑ ይወሰናል። ጂኖም ላይ ፒንኤንትሪ-ጂኖም3 አለ። የሲስተሙን የራሱን መጠየቂያ ስለሚጠቀም መስኮቱ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ይቆለፋል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን የይለፍ ሐረጋችሁን ከፓስዎርድ ማኔጀር ገልብጣችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ወደዚያ መሄድ አትችሉም፤ እንዲህ ላለው ሰው ፒንኤንትሪ-ኪውቲ ይሻላል። ኬዲኢ ላይም ያው ኪውቲ ነው። ጂቲኬ 2 ላይ የተሠራው ዕድሜው የገፋ ስለሆነ አዲስ ለሚጭን ሰው አልመክረውም። ማክ ላይ ፒንኤንትሪ-ማክን ሆምብሩ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ጫኑ።

ጂኖም ላይም ማክ ላይም «ይህን አስታውስ» የሚል ሳጥን ታያላችሁ። ምልክት ካደረጋችሁበት የይለፍ ሐረጉ በሲስተሙ የቁልፍ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የቁልፋችሁ ጥበቃ ኮምፒውተሩን ከምትከፍቱበት ፓስዎርድ አይበልጥም። ብቻችሁን በምትጠቀሙበት ላፕቶፕ ላይ የእናንተ ውሳኔ ነው። ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር በምትጋሩት ላይ ግን እባካችሁ ባዶውን ተዉት።

ግራፊካሎቹ ዲስፕሌይ ካጡ ወደ ከርሰስ ይመለሳሉ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ኪውቲ ቢኖርም በኤስኤስኤች ስትገቡ ጂፒጂ_ቲቲዋይ ያስፈልጋችኋል። አንድ አሳሳች ሁኔታም አለ። ቢሮ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ሎግኢን አድርጋችሁ ሄዳችሁ፤ ከቤት በኤስኤስኤች ገብታችሁ ፋይል ፈረማችሁ። ኤጀንቱ የተነሣው ከዴስክቶፑ ስለነበር መስኮቱን ቢሮ ያለው ስክሪን ላይ ሊያሳየው ይችላል። እናንተ ጋ ዝም ይላል፣ ቆይቶ «ታይምአውት» ይላል። እንዲህ ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ያንን ማሽን ከርሰስ ላይ ቢያደርገው ያርፋል። በስክሪፕት ማስተካከል የሚወድ ደግሞ ፒንኤንትሪ_ዩዘር_ዳታ የሚባለውን ቫሪያብል አይቶ የሚመርጥ ትንሽ ስክሪፕት ጽፎ እሱን እንደ ፒንኤንትሪ ማስመዝገብ ይችላል። ኤጀንቱ ያን ቫሪያብል ሳይነካው ያሳልፈዋል።

ምርጫው የት ነው የሚጻፈው?

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ --ኮንፊግ ፒንኤንትሪ» በሉና ከዝርዝሩ ቁጥር ምረጡ። ይህ ለማሽኑ ሁሉ ነው፤ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) ይፈልጋል። ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ በዶት-ግኑፒጂ ማውጫ ውስጥ ያለው የጂፒጂ-ኤጀንት ኮንፍ ፋይል ላይ «ፒንኤንትሪ-ፕሮግራም» ብላችሁ ሙሉ አድራሻውን ጻፉ። አድራሻው ከተሳሳተ ጂፒጂ «ኖ ፒንኤንትሪ» ይላል። ማክ ላይ ይህ ስህተት የተለመደ ነው። ሆምብሩ ኢንቴል ባላቸው ማኮች ላይ በ«/ዩዝር/ሎካል/ቢን» ሥር ያስቀምጣል፤ አፕል ሲሊከን ባላቸው ላይ ግን በ«/ኦፕት/ሆምብሩ/ቢን» ሥር ነው። የቆየ መመሪያ ገልብጦ አዲስ ማክ ላይ የለጠፈ ሰው ፕሮግራሙን ጭኖም አያገኘውም። «ዊች ፒንኤንትሪ-ማክ» ብላችሁ የወጣውን እንዳለ ጻፉ። ከዚያ ኤጀንቱን ዝጉት።

ሉፕባክ፦ ለሰው ሳይሆን ለማሽን

«--ፒንኤንትሪ-ሞድ ሉፕባክ» ብላችሁ ጂፒጂን ብትጠሩት ፒንኤንትሪ ይዘለላል። ጥያቄው ወደ ጂፒጂ ራሱ ይመለሳል። ወዲያው ስለሚሠራ ብዙ ሰው የጂፒጂ ኮንፍ ፋይል ውስጥ አስገብቶ ይረሳዋል። ይህን አልደግፍም። ፒንኤንትሪ ለብቻው የተሠራበትን ጥበቃ በሙሉ ትተዋላችሁ። በዚያ ላይ ከተሳሳታችሁ ደግሞ አይጠይቃችሁም፤ ሥራው እዚያው ይወድቃል።

ቦታው አውቶማቲክ ሥራ ላይ ነው። ሌሊት ባክአፕ የሚያመሰጥርና የሚፈርም ስክሪፕት፣ ወይም ሰው የሌለበት የቢልድ ማሽን። እዚያ ሳጥን ቢመጣም የሚመልስለት የለም። ታዲያ «--ፓስፍሬዝ» በሚለው አማራጭ የይለፍ ሐረጉን ትእዛዙ ላይ አትጻፉት። በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ሲያይ ሊያነበው ይችላል። «--ፓስፍሬዝ-ኤፍዲ»ን ተጠቀሙ፤ ከ«--ባች» ጋር። ዋናውን ቁልፍም እዚያ አታድርሱት፤ ለመፈረም ብቻ የሚሆን ንዑስ ቁልፍ በቂ ነው።

ካርድ ወይም ዩቢኪ ላላችሁ፦ ከመሞከራችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ

እስካሁን የተነጋገርነው ፋይል ላይ ስላለ ቁልፍ ነበር። እዚያ መቶ ጊዜ ብትሳሳቱ ምንም አይሆንም። ቁልፉ ስማርት ካርድ ወይም ዩቢኪ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የቁልፍ መያዣ) ውስጥ ከሆነ ግን መሞከር ዋጋ አለው። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ፒን ከገባ ፒኑ ይቆለፋል። ከዚያ የሚከፍተው የአድሚን ፒኑ ወይም ቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት የሪሴት ኮድ ነው። የአድሚን ፒኑም ሦስት ጊዜ ከተሳሳተና ከተቆለፈ ካርዱን እንደ አዲስ ከማጽዳት ሌላ መንገድ አይኖርም፤ ውስጡ ያሉት ቁልፎችም ይጠፋሉ።

ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት «ጂፒጂ --ካርድ-ስታተስ» በሉ። «ፒን ሪትራይ ካውንተር» ከሚለው ፊት ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 3 0 3። የመጀመሪያው የተጠቃሚው ፒን የቀረው ሙከራ ነው። መካከለኛው የሪሴት ኮዱ ነው፤ ካልተዘጋጀ ዜሮ ይላል፤ አትደንግጡ። የመጨረሻው የአድሚኑ ነው። የመጀመሪያው 1 ከሆነ አቁሙ። የተበላሸ የመሰለው ሳጥን እየዘጋችሁና እየከፈታችሁ ስትሞክሩ ሁለት ጊዜ አልፎባችኋል ማለት ነው። ትክክለኛው ፒን ሲገባ ቁጥሩ ወደ 3 ይመለሳል።

ሳጥኑ የሚጠይቀው የትኛውን ፒን እንደሆነም አንብቡ። ቁልፍ ስትፈጥሩ ወይም የካርዱን ስም ስትቀይሩ የአድሚኑን ይጠይቃል፤ ስትፈርሙ የተጠቃሚውን። መነሻ ሆነው የሚመጡት 123456 እና 12345678 ናቸው። እስካሁን ካልቀየራችኋቸው ዛሬውኑ ቀይሩ። ካርድ ላይ ሉፕባክን በስክሪፕት መሞከር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ስክሪፕቱ እየደጋገመ ከሄደ ሦስቱ ሙከራ በሰከንዶች ያልቃል።

ዩቢኪ ላይ «ፒን ገብቷል፣ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ» የሚል ችግር ሲያጋጥም መብራቱን እዩ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ጣታችሁን እየጠበቀ ነው። ይህን ፒንኤንትሪ ላይነግራችሁ ይችላል፤ በምንም ሌላ ብትቀይሩትም አይስተካከልም።

በ«ሱ» ትእዛዝ ተጠቃሚ ሲቀየርና ኮንቴይነር ውስጥ

በ«ሱ» ወደ ሌላ ተጠቃሚ ከተሻገራችሁ በኋላ ጂፒጂ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ምክንያቱ ተርሚናሉ አሁንም የመጀመሪያው ተጠቃሚ ንብረት ስለሆነ ነው። አዲሱ ተጠቃሚ ሊከፍተው አልተፈቀደለትም። በቀጥታ በኤስኤስኤች በዚያ ስም ግቡ። ካልተቻለ «ስክሪፕት /ዴቭ/ነል» በሉ፤ የራሱ ተርሚናል ያለው አዲስ ሼል ይከፍትላችኋል። ዶከር ውስጥ ደግሞ «-አይቲ»ን አትርሱ። ካልጨመራችሁት ኮንቴይነሩ ተርሚናል የለውም፤ ከርሰስም ቲቲዋይም አይሠሩም።

ሳጥኑ ይመጣል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣል

ብዙዎች ወደ ሉፕባክ የሚሸሹት በዚህ ሰልችቷቸው ነው። ቀላሉ መንገድ ጊዜውን ማራዘም ነው። ኤጀንቱ የይለፍ ሐረጉን መጨረሻ ከተጠቀማችሁበት ጀምሮ 600 ሰከንድ ይይዘዋል፤ ብዙ ብትጠቀሙበትም ከ7200 ሰከንድ አያልፍም። ለኤስኤስኤች ቁልፍ መነሻው 1800 ነው። የጂፒጂ-ኤጀንት ኮንፍ ፋይሉ ላይ «ዲፎልት-ካሽ-ቲቲኤል 3600» እና «ማክስ-ካሽ-ቲቲኤል 28800» ብትጽፉ የሥራ ቀኑን በጥቂት ጥያቄ ታሳልፋላችሁ። የጋራ ማሽን ላይ ግን እንዳለ ተዉት። ካርድ ላይ ይህ ሴቲንግ አይሠራም፤ ካርዱ አንዴ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ እስኪነቀል ወይም ሪሴት እስኪደረግ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ስትነሡ ይዛችሁት ሂዱ። ፋይሉን ካስተካከላችሁ በኋላ «ጂፒጂኮንፍ --ሪሎድ ጂፒጂ-ኤጀንት» በሉ። በካሽ የነበረው ስለሚጠፋ አንድ ጊዜ እንደገና ትጠየቃላችሁ፤ ከዚያ አዲሱ ጊዜ ይቆጠራል።